የማንጠግቦሽ ቢጫ

ዲማ፣ ጥር 12 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለባዘዘው፤ ገዳሪፍ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ መንገዱ ለሰው ቢከፋም በሰላምታ ላይ እስካሁን ዘበኛ አልቆመም። ያቺን በጥይት የተመታች እግርህን አምላክ ይጠግንልህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ በዘመኑ ልክ ነው፤ ጣራችን አልተቃጠለም፣ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ አለ፣ እንግዶቻችንም ከደብረ ማርቆስ ምሽጋቸው ወጥተው ወደኛ የሚመጡት ዶሮ ሲያምራቸው ብቻ ነው። ጣልያኖቹን እንግዶች ያልኋቸው ደብዳቤው እጃቸው ቢገባ በትሕትናዬ ደስ እንዲላቸው ነው።

በኅዳር የጻፍኸው ዛሬ፣ በጥምቀት ማግሥት ደረሰኝ። «ሳላያት የቀረሁት፣ እናቷም የሞተችባት ልጄ ምን ታውቃለች?» ብለሃል። መልሱ አጭር ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ ታውቃለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ማንጠግቦሽ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። እኔ ደግሞ ስልሳ አልፎኛል፣ ሚስት አላገባሁም፣ ዕድሜዬን ብራና ስጽፍና ሥዕል ስሥል ኖሬአለሁ፤ ስለ ሕፃን የማውቀው በእመቤታችን እቅፍ ያለውን ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሲሣል አያለቅስም። ሚስትህ ያለምወርቅ በተስቦ ስታርፍ ዘመዶቿ ልጂቱን «እስከ ፍልሰታ ብቻ» ብለው አስታቀፉኝ። የትኛው ፍልሰታ እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

መዳህ ከቻለችበት ቀን ጀምሮ ቀለሜን ትገለብጣለች። ብቆጣም ብለምንም አልሆነም። ወተት የምታጠጣትና የምታጥባት ጎረቤታችን ሥራነሽ ናት፤ እሷ ነች «መሪጌታ፣ ስለሚከለክሏት እኮ ነው የምትመጣ። አንድ ቀን እስኪበቃት ድረስ ይስጧት» ያለችኝ። ስለዚህ ግቢው ውስጥ አራት ገበቴ ደረደርሁ። በአንዱ በውሃ የተበጠበጠ ጥላሸት፣ በአንዱ የነጭ ጤፍ ሊጥ፣ በአንዱ ከወንዝ ዳር የመጣ ቀይ ጭቃ፣ በአንዱ የተወቀጠ ጎመን። ሕጉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ እጇን ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ታሸትታለች፤ ከዚያ እኔ ስሙን እላለሁ፣ እሷ ትደግማለች። ድጓ ያስተማሩኝም በዚሁ መንገድ ነው፣ ጭቃው ብቻ አልነበረም። አሁን ጥቁር ማለት የሚያሙለጨልጭ፣ ነጭ የሚጣበቅ፣ ቀይ የሚቆረቁር፣ አረንጓዴ ደግሞ የሚሸት ነገር ነው።

ባለፈው እሑድ ቄስ አወቀ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰላም ሊሉን ጎራ አሉ። ልጂቱ ሁለት እጇን ከጥላሸቱ አውጥታ ጋቢያቸውን አቀፈችና «ጡቁል!» አለች።

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ።

«ቀለም እየተማረች ነው።»

«ታዲያ በራስዎ ጋቢ ቢያስተምሯትስ?»

«የኔ ነጭ አይደለማ» አልኋቸው። እውነቴን ነው።

ትናንት ደግሞ የሥራነሽን ቀይ ላም አሳይቼ «ይቺስ?» አልኋት። ሄዳ ሆዷን ዳሰሰች፤ መዳፏን ገልብጣ አየች፤ ምንም የለም። «ቀይ የለም» አለች። ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ስከራከር የኖርሁ ሰው ተረታሁ። ለእሷ ቀለም ማለት እጅ ላይ የሚቀር ነው።

«ምን ልላክላት?» ብለህ ጠይቀህ ነበር። የጎደላት ቢጫ ነው። አደይ አበባ በመስከረም እንጂ አይገኝ፤ እርድ የሚያመጡት ነጋዴዎች ከቀሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ የእንቁላል አስኳል እንዳልልህ ዶሮዎቹ የት እንደሄዱ ከላይ ነግሬሃለሁ። ገዳሪፍ ገበያ ቢጫ ቀለም ሞልቷል ይላሉ። ከተገኘ የሚያበራውን ዓይነት ምረጥ። ለሕፃን ጥቂት ይበቃታል፤ ቢበዛም አይጎዳም።

ስለ እኔ ሥራ ጠይቀሃል። በሚካኤል የጀመርሁት የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሥዕል ጦርነቱ ከገባ ወዲህ እንደቆመ ነው። ሐዋርያቱ ታጋሾች ናቸው።

አጎትህ መሪጌታ እንዳላማው


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 20 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ እንዳላማው።

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እግሬ ደህና ናት፤ ቆማ መዋል እንጂ መሄድ አትወድም፣ ስለዚህ ከአንድ የመናዊ ነጋዴ የቆዳ መጋዘን ቆሜ የምውልበት ሥራ ሰጥተውኛል። የሚመጣውን ቆዳ እቆጥራለሁ።

ደብዳቤዎ በሁለት ወሩ ደረሰኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርዎትም። ገበያ ውስጥ ቀይ ላም አይቼ ሆዷን ዳሰስሁ፣ መዳፌንም ገልብጬ አየሁ። ልጄ እውነቷን ነው። የላሟ ባለቤት ምን እንዳለኝ ግን በዐረብኛ ስለሆነ እንደ ምርቃት ቆጥሬዋለሁ።

ቢጫውን ከቅመም ሻጮች ተራ አገኘሁት። ድንጋይ ነው፤ እንደ ሽንኩርት እየተነባበረ ይላጣል፣ ሲወቀጥ ደግሞ ፀሐይ የተፈጨች ይመስላል። ወቅጬ፣ በቆርቆሮ አድርጌ፣ አፉን በሰም ዘግቼ ለነጋዴው ለታረቀኝ ሰጥቼዋለሁ። በቅሎው ፈጣን ናት፤ ከወር ብዙም ሳያልፍ ዲማ እገባለሁ ብሎኛል።

አጎቴ፣ አደራ። ልጄ እኔን አታውቀኝም። ከእኔ የሚደርሳት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። አይቆጥቡባት። እስከ ክርኗ ትንከር፣ ፊቷን ትቀባ፣ ግድግዳውን ታበላሽ። «አባትሽ ነው የላከልሽ» ይበሏት። ከዚያ ምን እንዳደረገች፣ ምን እንዳለች፣ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ሌላ ማየት የምችልበት መንገድ የለኝም።

ባዘዘው


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታው ይቅርና ይህን ያንብቡ። ቆርቆሮውን ለልጂቱ አይስጧት። ሰጥተዋት ከሆነ አሁኑኑ ይንጠቋት፣ በብዙ ውሃ ይጠቧት፣ ቀሪውን ልጅም ከብትም ከማይደርስበት ቆፍረው ይቅበሩት።

ዛሬ ጧት መጋዘኑ ውስጥ የቆዳ ጠጉር የሚያራግፉበትን ዱቄት ከኖራ ጋር ሲለውሱ አየሁ። ቢጫ ነው። ያው ነው። «ይህ ምንድን ነው?» አልሁት ሽማግሌውን ሠራተኛ።

«ዘርኒኽ። እጅህን ታጠብ፣ ወደ አፍህም እንዳታደርሰው። አምና የላሰው ውሻ እስከ ማታ አልቆየም።»

«ሕፃን ብትነካውስ?»

«የማን ሕፃን?» አለኝ። ወረቀት ፍለጋ ወጣሁ።

ታረቀኝ ከሄደ ዛሬ ሃያ አራት ቀኑ ነው። በቅሎ ፈልጌ አጣሁ። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ለሁለት እግረኞች ሰጥቻለሁ፣ አንዱ በመተማ፣ ሌላው በቋራ በኩል ይሄዳል። እግረኛ ልኬ በበቅሎ የሄደውን ይቀድማል ብዬ ተቀምጫለሁ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ባዘዘው


ዲማ፣ ግንቦት 18 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለባዘዘው።

የትንሣኤው ደስታ ከነፋስ ፈጥኖ ገዳሪፍ ይግባልህ። እኛ ፋሲካን በሽሮ ፈትተን ደህና ነን። የላክኸው ቢጫ ሚያዝያ 28 ቀን ሰሙ እንኳ ሳይነቃ ደረሰ፤ ታረቀኝ የታመነ ሰው ነው።

አንድም እንዳታስቀር ብለሃልና እነሆ። በማግሥቱ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ትልቁን ገበቴ አውጥቼ ዱቄቱን በውሃ በጠበጥሁት። ማንጠግቦሽ መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ነካችው። ቀጥላ በመዳፏ። ቀጥላ እስከ ክርኗ ነከረች። ፊቷን ቀባች፣ ፀጉሯን ቀባች፣ ግድግዳው ላይ አምስት ጣት የሚቆጠርበት ምልክት አኖረች። «ቢጫ» አልኋት። «ቢጫ» አለች፣ አንደበቷ ሳይሰበር። «ማን ላከልሽ?» ብላት «አባቴ» አለች። ከዚያ ጣቷን ልሳ «ይጣፍጣል» አለች። ሥራነሽ «ምነው አባቷ ባየ» ብላ አለቀሰች። ሦስት ቀን ስትጫወትበት ሰነበተች። እንዲህ የተደሰተችበት ቀለም የለም።

ለመሆኑ ያ ነገር ሌላ ጊዜም ይገኝ ይሆን? ልጂቱ ቶሎ ትጨርሰዋለች።

እኔ ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል። የፋሲካ ሥጋ ነው እንዳልል ሥጋ አልነበረም። የጣቶቼም ጫፍ ጉንዳን እንደሄደበት ይወርረኛል፤ እርጅና በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም። ሥራ ግን እንደገና ጀምሬአለሁ።

አጎትህ እንዳላማው


ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.

አጎቴ፣

የግንቦቱ ደብዳቤዎ ሐምሌ 28 ቀን ደረሰኝ። «ይጣፍጣል» እስከሚለው ድረስ አነበብሁ። ከዚያ በታች ያለውን ያነበብሁት በማግሥቱ ነው።

የሚያዝያው ወረቀቴ ደርሶዎት ይሆን? ደርሶም ከሆነ ከሦስቱ ቀን በፊት ነው በኋላ? ከሰኔ ወዲህ ጣልያንና እንግሊዝ ጦርነት ገጥመዋል፤ ጋላባት በጣልያን እጅ ወድቃለች፤ በዚያ በኩል ወፍ አያልፍም። ዝናቡም ገብቷል። እንደዚያም ሆኖ ሄድሁ። አራት ቀን በዱላ ተጓዝሁ። የእንግሊዝ ወገን ዘበኛ «ወዴት?» አለኝ።

«ልጄ ዘንድ።»

«ትናንት የመጣውም እንዲህ ነው ያለኝ» አለና ፊቴን አዙሮ መለሰኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሃ አጠጥቶኛል።

አሁን ቆዳ ወደ መቁጠሬ ተመልሻለሁ። ቢጫው ዱቄት ከምቆምበት አሥር እርምጃ ይርቃል። አንዳንድ ቀን እየሄድሁ አየዋለሁ፤ የገዛሁት ቀን ያማረኝ ያህል ዛሬም ያምራል።

ስለ ጨዋታው ምንም አይጻፉልኝ። አንድ ቃል ብቻ፤ አለች ወይስ የለችም። ይህን በበረሃው አቋርጦ ለአርበኞች መልእክት ለሚያመላልስ ሰው ሰጥቻለሁ። መቼ ትደርሳለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ባዘዘው


ዲማ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለባዘዘው።

ልጅህ አለች። ደህና ናት። ከዚህ በታች ባለው ከመናደድህ በፊት ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አንብብ።

ሁለቱ የሚያዝያ ወረቀቶችህ በመስከረም አንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ፣ የነሐሴው ትናንት። ጽሕፈቱ የኔ አለመሆኑን አይተሃል። ቄስ አወቀ ናቸው የሚጽፉልኝ፤ ስለዚህ ንስሐዬንም ደብዳቤዬንም በአንድ ወረቀት እጨርሳለሁ።

ማንጠግቦሽ ቢጫህን ነክታው አታውቅም።

ቆርቆሮውን የከፈትሁት እሷ ተኝታ ሳለች ነው። እንዲህ ያለ ቢጫ ከመምህሬ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላየሁም ነበር። በሚካኤል ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ሐዋርያት አራት ዓመት ሙሉ ያለ አክሊለ ብርሃን፣ ራሳቸውን እንደተላጩ ሽማግሎች ቆመዋል። ግማሹን ለልጂቱ አልሁ። ቆየሁና ሩቡ ይበቃታል አልሁ። ቆየሁና አስቀድሞ ለእግዚአብሔር ቤት አልሁ፤ ሰው ሲሰርቅ እንዲህ ነው የሚናገረው። እውነቱን ለመናገር በጥር ቢጫ ላክ ስልህም ያሰብሁት ጴጥሮስን ነበር።

አንተ ግን አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ ብለሃል። ጻፍሁ። «እስከ ክርኗ» የራስህ ቃል ነው፣ መልሼ ነው የላክሁልህ። ግድግዳው ላይ የታተመ ጣት የለም። ሥራነሽም ያኔ አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችው ወረቀትህ ሲነበብ ነው፣ እሱም በቁጣ። «ይጣፍጣል» ያልሁት ደግሞ ፍጹም ውሸት ነው። ምንም ጣዕም የለውም። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ።

የማውቅበት ምክንያት እንዲህ ነው። የአክሊሉ ጨረር ቀጭን ነው፤ የብሩሿ ጫፍ ደግሞ የሚሾለው በከንፈር ነው። እኛ ስንሠራ የኖርነው እንዲህ ነው፣ አንድ መስመር፣ አንድ ምራቅ። መምህሬ «ቢጫውን በአፋችሁ እንዳታሾሉ» ይሉን ነበር። ተማሪ ልሶ እንዳይጨርስባቸው የሰሰቱ መስሎኝ ኖሬአለሁ። አሥራ ሁለቱንም ጨርሻለሁ። ያምራሉ። ቄስ አወቀ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር፣ ግን ያምራሉ።

ከሐምሌ ወዲህ እጄም እግሬም የኔ አይመስሉኝም። ብርዕ መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። መዳፌ እንደ ቅርፊት ደርቋል፤ ሆዴም እህል አልቀበል ብሏል። ሥራነሽ ወረቀትህ ተነቦ ሲያልቅ እንዲህ አለችኝ።

«ይበልዎት! ከሕፃን አፍ ነጥቀው እርስዎ ላሱት!»

«ባልነጥቃት እሷ ትልሰው ነበር።»

«አውቀው ነው የነጠቋት?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ» አለችና ወተቱን አቀረበችልኝ። ጠጣሁ።

አንተንስ ምን ልበልህ? ይቅር በለኝ እንዳልል፣ ባልሰርቅ ኖሮ ዛሬ ልጅ የለህም። አመስግነኝም እንዳልል ሌባ ነኝ። ቄስ አወቀን ጠየቅኋቸው። «ይህስ ከእኔ በላይ ነው» ብለው ብርዑን ቀለም ነከሩ።

ልጂቱ ቢጫን ያወቀችው በመስከረም ነው። ሜዳው በአደይ ተሸፈነ፣ ቀጥፋ ጨመቀች፣ መዳፏን አየች፣ «ቢጫ» አለች። ማንም አላስተማራትም። አንተ ገዳሪፍ ገበያ ባትደክም፣ እኔም ባልዋሽ፣ ከጥር ጀምሮ ስምንት ወር ብንታገሥ ይበቃ ነበር።

ስማ እንግዲህ። ሥራነሽ ደብረ ኤልያስ ያለው ወንድሟ «ነይ» እያላት ነው፤ እንግዶቹ ላሟን ከወሰዱባት ወዲህ እዚህ የሚያስቀራት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ልጂቱን ይዣት እሄዳለሁ ብላለች። የወንድሟን ስም ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሦስቱም ጊዜ ረሳሁት፤ መርሳትም ከዚያው ነው መሰለኝ። ነገ ጠይቄ አጽፍልሃለሁ እንዳልል መልእክተኛው ደጅ ቆሞ «ቶሎ በሉ» ይላል፣ ሥራነሽም ወፍጮ ሄዳለች።

አጎትህ እንዳላማው
ጸሐፊው ቄስ አወቀ


ገዳሪፍ፣ ጥር 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለመሪጌታ እንዳላማው፤ እሳቸው ከሌሉ ለሥራነሽ፤ እሷም ከሄደች ይህን ወረቀት ለያዘው ሰው።

አጎቴ፣ ሌባ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በታኅሣሥ 20 ነው የደረሰኝ፤ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ለመጻፍ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወተት ይጠጡ፣ ብሩሿንም ያቃጥሏት። ሽማግሌው ሠራተኛ ወተት ያድናል ይላል። «ማንን አዳነ?» ስለው ግን ቆዳ መቁጠሬን እንድቀጥል ነገረኝ።

እዚህ ጦር እየተሰበሰበ ነው፤ ወደ ጎጃም ሊገባ ነው። ተሰልፌ ስሜን አስጻፍሁ። ሐኪሙ እግሬን ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ ለቆዳው ትሻላለህ» አለኝ። ስሜን ሰረዙት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አሥራ አንድ ጊዜ ገልብጬ ለአሥራ አንድ ዘማቾች ሰጥቻለሁ። ሁሉም አደርሳለሁ ብለዋል። ሦስቱ ዲማ በየት በኩል እንደሆነ አያውቁም።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንህ፣ እንዲህ አድርግልኝ። ዲማ ብትደርስ የመሪጌታ እንዳላማውን ቤት ጠይቅ። ቤቱ ባዶ ከሆነ ደብረ ኤልያስ ውረድ። በመጋቢት ሦስት ዓመት የሚሞላት ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ አለች፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው። ከሥራነሽ ጋር ናት፤ ወይም ከሥራነሽ ወንድም ቤት ናት፤ ወይም ሌላ ቦታ ናት። አግኝተህ እንደሆነ ማን እንዳቀፋት ጻፍልኝ።

መልኳን ጽፌልህ በቶሎ በለየሃት ነበር። አላየኋትም።

አባቷ ባዘዘው